«ወሬ ነው!» የሚሉት አባት

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሴት ልጄ በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የሳይንስ ዜና መላክ ትወዳለች። «በአምስት ደቂቃ ቻርጅ የሚሆን ባትሪ ተሠራ»፣ «የካንሰር መድኃኒት ተገኘ»፣ «የፀሐይ ኃይል በላቦራቶሪ ውስጥ ተፈጠረ»። የእኔ መልስ ሁሌም አንድ ነው፦ «ወሬ ነው!» ስለዚያ ባትሪ ሃያ ዓመት ሙሉ ስሰማ ኖሬአለሁ። ስልኬ ግን ዛሬም ሶኬት ላይ ነው የሚያድረው። ባለፈው ሳምንት ልጄ «አባዬ፣ አንተ እኮ ሳታነብ ነው የምትመልሰው» ብላ ጻፈችልኝ። ከዚያ ወዲህ ምንም አልላከችም። እውነቱን ለመናገር ደብሮኛል። እህቴ፣ መጠራጠር ጥፋት ነው እንዴ?

መልስ፦ ጥፋት አይደለም። ልጅዎም ጥፋት ነው አላለችም። ሳያነቡ ይመልሳሉ ነው ያለችው። ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት፤ «ኧረ አንብቤ ነው» የሚል ቦታ ግን አጣሁ።

ቢሆንም ተሳስተዋል ብዬ አልጀምርም። የኔን ጉድ ላስቀድም።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች ኤልኬ-99 የሚባል ቁስ ሠራን አሉ። ከእርሳስ፣ ከመዳብ፣ ከፎስፈረስና ከኦክስጅን የተሠራ ነው። በተራ የክፍል ሙቀት ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች ብክነት ያስተላልፋል ተባለ። ሱፐርኮንዳክተር የሚሉት ነገር ነው። እስከዚያ ድረስ የሚታወቁት ሱፐርኮንዳክተሮች ወይ ከባድ ቅዝቃዜ ይፈልጋሉ፣ ወይ እጅግ ከፍተኛ ግፊት። ቪዲዮም ነበረው። አንዲት ጥቁር ስባሪ ማግኔት ላይ ተቀምጣለች። አንዱ ጎኗ ማግኔቱን ነክቷል፤ ሌላው ጎኗ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። በጣት ነካ ሲያደርጓት ትወዛወዛለች።

እኔ ዘጠኝ ዓመት የፊዚክስ ላቦራቶሪ ቴክኒሻን ሆኜ ሠርቻለሁ። ማግኔት ምን ምን እንደሚያደርግ አሳምሬ አውቃለሁ። ያንን ቪዲዮ ግን ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩት አልነግርዎትም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ወንድሜን ከእንቅልፉ ቀሰቀስኩት። «የዓለም የኤሌክትሪክ ገመድ ሊቀየር ነው!» አልኩት። «ወሬ ነው፣ ተኚ» ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እሱ ልክ ሆነ። እስከ ዛሬ ድረስ «ተንሳፋፊዋ» እያለ ነው የሚጠራኝ።

ታዲያ ያንን ወሬ የገደለው ወንድሜ ነው? አይደለም። እሱ ተኝቶ ነበር።

የገደሉት ሰዎች ቁጭ ብለው ወረቀቱን አንብበዋል። ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሠራው ኬሚስት ፕራሻንት ጄን አንድ ቁጥር ላይ ዓይኑ አረፈ። የቁሱ ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የመከልከል አቅሙ) 104 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ በአንዴ ይወርዳል። ኮሪያውያኑ ይህንን እንደ ማስረጃ አቅርበውታል። ጄን ግን ቁጥሩን ከሌላ ቦታ ያውቀዋል። ኮፐር ሰልፋይድ የሚባለው ውህድ ውስጣዊ አደረጃጀቱን የሚቀይረው በዚያው ሙቀት ላይ ነው። ኮፐር ሰልፋይድ ደግሞ ቁሱ ሲዘጋጅ አብሮ የሚቀር ቆሻሻ ነው። ጀርመን ሽቱትጋርት በሚገኘው የማክስ ፕላንክ የምርምር ተቋም ያሉት ደግሞ ቁሱን ያለ ቆሻሻው ሠሩት። ያገኙት ብርሃን የሚያሳልፍ ወይን ጠጅ ክሪስታል ነበር። ሱፐርኮንዳክተር መሆኑ ቀርቶ ኤሌክትሪክ በደንብ የሚከለክል ሆኖ አረፈው። መንጠልጠሉም ቢሆን ተራ ማግኔትነት ሊያመጣው የሚችል ነገር ነው። (ይሄኛው ነው እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ።)

ወንድሜም ጄንም አላመኑም። አንደኛው ግን በማግስቱ ከቀደመው ቀን የበለጠ የሚያውቀው ነገር አልነበረውም። የእርስዎ «ወሬ ነው» ከወንድሜ ወገን ነው።

አሁን ወደ ባትሪዎ እንምጣ። እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለዎት። ላቦራቶሪ ውስጥ በደቂቃዎች የሚሞላው ብዙ ጊዜ ሳንቲም የምታክል ባትሪ ናት። እሷ ስልክ ውስጥ ለመግባት በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ተሞልታ መዳከም የለባትም። መጋል የለባትም። ፋብሪካ በሚሊዮን ሊያመርታት፣ ያውም በርካሽ ሊያመርታት ይገባል። አብዛኞቹ እዚህ መንገድ ላይ ነው የሚቀሩት። ዜና ሆነው ይመጣሉ፤ ሲቀሩ ግን ዜና የሚሠራላቸው የለም።

ያላዩት ግማሽ ደግሞ ይሄ ነው። ሶኒ የሊቲየም አዮን ባትሪን፣ ዛሬ ስልክዎ ውስጥ ያለውን ዓይነት፣ ገበያ ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ከ2010 እስከ 2020 ባሉት ዓመታት ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ዋጋ ከ80 በመቶ በላይ ወረደ። አንድም ተአምር የለበትም። ፋብሪካዎች በዙ፣ ኬሚስትሪው ትንሽ በትንሽ ተሻሻለ፣ ብክነቱ ቀነሰ። «ባትሪ ዘንድሮም ትንሽ ረከሰ» የሚል ርዕስ ደግሞ ማንም አይጫንም፤ ልጅዎም አትልክልዎትም። እርስዎ በር በሩን ሲያዩ ነገሩ በጓሮ ገባ።

እርስዎ የሂሳብ ሰው ነዎት። አንድም ደረሰኝ ሳያዩ «ይሄ ሂሳብ የተጭበረበረ ነው» ብለው ፈርመው ያውቃሉ? አያደርጉትም። ታዲያ ያንን ሙያ ለምን ቤት ውስጥ ይጥሉታል? የፀሐይ ኃይል የተባለውን ዜና እንደ ሂሳብ መዝገብ እንክፈተው። በካሊፎርኒያው የሎውረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ላቦራቶሪ፣ ዲሴምበር 5 ቀን 2022። ፀሐይ ውስጥ እንደሚሆነው የሃይድሮጅን አተሞች እንዲዋሃዱ፣ ቁንዶ በርበሬ የምታክል የሃይድሮጅን እንክብል ላይ ሌዘር ተኮሱባት። ገቢ የተደረገው የሌዘር ኃይል 2.05 ሜጋጁል። የወጣው 3.15 ሜጋጁል። ትርፍ! ጋዜጣው እዚህ ጋ ቆመ።

እርስዎ ግን መጠየቅ ያለብዎት ሌላ ነው፦ የሌዘሩ የራሱ ወጪ የት ነው የተመዘገበው? ሌዘሮቹን ለማስነሳት ከመስመር የተሳበው ኤሌክትሪክ 300 ሜጋጁል ገደማ ነው። ወደ እንክብሏ የደረሰው ከዚያ ላይ ጥቂቱ ብቻ ነው። ስለዚህ አምፖል የሚያበራ ትርፍ የለም። ያም ሆኖ በእንዲህ ዓይነት የኒውክሌር ውህደት ሙከራ ከተተኮሰው የሌዘር ኃይል በላይ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር፤ ብዙ አሥርት ዓመታት የተለፋበት ነገር ነው። ሁለቱም እውነት ነው። «ወሬ ነው» ሲሉ ሁለቱንም አብረው ጣሏቸው።

አንዳንዴ ደግሞ ጥርጣሬው ራሱ ነው የሚሳሳተው። ጨጓራ የሚያቆስለው ጭንቀትና አሲድ ነው ሲባል የኖረ ጉዳይ ነበር። ባሪ ማርሻል የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም ባክቴሪያ ነው ቢል ብዙዎች አልሰማ አሉት፤ እዚያ አሲድ ውስጥ ምን ይኖራል ብለው። እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን በጥብጦ ጠጣው። ከቀናት በኋላ ማስመለስ ጀመረው፤ ምርመራም ጨጓራው መቆጣቱን አሳየ። እሱና ባልደረባው ሮቢን ዋረን በ2005 ኖቤል ወሰዱ። ዛሬ ስለዚያ ባክቴሪያ፣ ስለ ኤች ፓይሎሪ፣ ያልሰማ የጨጓራ ታማሚ የት አለ?

እንግዲህ ልጅዎ ዘንድ ይጻፉ። ይቅርታ ምናምን አያብዙ። ያንን የካንሰር መድኃኒት ዜና ፈልገው አንድ ጥያቄ ይላኩላት፦ «ሰው ላይ ነው ወይስ አይጥ ላይ የተሞከረው?» ከመለሰች «ስንት ሰው ላይ?» ይበሉ። ለእሷም ሥራ ይሆናታል። ወሬ ሲነግሩህ ሃሳብ ጨምርበት ይባል የለ? «ጨምርበት» ነው እንጂ «ዝጋው» አይልም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በፋብሪካ የተቀነባበረ ሥጋ ከሲጋራ እኩል ካንሰር ያመጣል፣ አደጋውንም በ18 በመቶ ይጨምራል የሚል አነበብኩ። ይሄ ማጋነን ነው አይደል?

መልስ፦ ቁጥሩ ትክክል ነው፤ «እኩል» የሚለው ነው ያሳሳተህ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 የተቀነባበረ ሥጋን ሲጋራ ቀድሞ ባለበት ምድብ ውስጥ አስቀምጦታል። ምድቡ የሚናገረው ማስረጃው ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ ነው። የአደጋውን ትልቅነት አይናገርም። ሲጋራ የሚገድለው ሰው ብዛት ከዚህኛው ጋር አይወዳደርም።

18 በመቶው በቀን 50 ግራም ለሚበላ ሰው ነው፤ ካንሰሩም የትልቁ አንጀት ነው። በመቶኛ ሲያነቡልህ ሁሌ «ከስንት ላይ?» በል። ከ100 ሰዎች 5ቱ በዕድሜያቸው በዚህ ካንሰር የሚያዙ ቢሆን፣ ሁሉም በየቀኑ 50 ግራም ቢበሉ ቁጥሩ ወደ 6 ይጠጋል። አንድ ሰው ተጨመረ ማለት ነው። ያ አንድ ሰው ትንሽ ነው አልልህም። እኔ ራሴ ቀንሻለሁ፤ ጨርሶ ግን አልተውኩም።