ጥያቄና መልስ፦ በሻሿ ወንድሟን የገዛችው ልዕልት

በግሪክ አፈ ታሪክ ስላለችው፣ የዛሬዋ ቱርክ ውስጥ ስለነበረችው የጥንት ከተማ የትሮይ ልዕልት ከጻፍኩ ወዲህ ብዙ መልእክት ደርሶኛል። ጥቂቶቹን ልመልስ።

ስሟ እንዴት ይነበባል?

ሄሲዮኔ።

«የአንድሮሜዳን ታሪክ ስም ቀይረሽ ነው የጻፍሽው። ደግሞ አንድሮሜዳ የእኛ አገር ልጅ አይደለችም ወይ?»

ሁለት ሴቶች ናቸው። ሁለቱም ለባሕር አውሬ ተሰጥተዋል፤ አንድሮሜዳን ጀግናው ፐርሲየስ፣ ሄሲዮኔን ጀግናው ሄርኩለስ አዳናቸው። አንድሮሜዳ የተቀጣችው እናቷ በውበት ስለተመካች ነው። የሄሲዮኔ አባት ላኦሜዶን ግን የጉልበት ዋጋ የበላ ንጉሥ ነው። አማልክቱ ፖሲዶንና አፖሎ የትሮይን ግንብ ሠርተውለት ዋጋቸውን ከለከላቸው፤ የባሕር አምላክ ፖሲዶንም ተቆጥቶ አውሬውን ላከበት።

የአንድሮሜዳን አገር በተመለከተ፣ የጥንት ግሪኮች «ኢትዮጵያ» የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር ነበር። አንዳንዶቹ ደግሞ የታሰረችበትን አለት ያፋ ወደብ (የዛሬዋ እስራኤል ውስጥ) ላይ ያደርጉታል። ዝርዝሩን የታሪክ ምሁር ጠይቁ።

«ታሰረች፣ ዳነች፣ ለሰው ተሰጠች። ምኗ ነው ልብሽን የነካው?»

እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ላኦሜዶን ልጄን ካዳንክ ፈረሶቼን እሰጥሃለሁ ብሎ ነበር፤ አሁንም ቃሉን በላ። ሄርኩለስ በ18 መርከብ (የጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ ሆሜር 6 ይላል) ተመልሶ መጣ። ከተማዋን ያዘ፣ ንጉሡን ገደለ፣ ሄሲዮኔን ለጓደኛው ለቴላሞን ሰጠ። ከምርኮኞቹ አንድ ሰው ምረጪ ተባለች። ወንድሟን ፖዳርኬስን መረጠች። «መጀመሪያ ባሪያ ይሁን፣ ከዚያ የሆነ ነገር ከፍለሽ ውሰጂው» አሏት። ምን ቀርቷት ትክፈል? ሻሿን ከራሷ አውልቃ ሰጠች።

ልጁ ከዚያ በኋላ ፕሪያም ተባለ። የጥንት ጸሐፊዎች ስሙን «መግዛት» ከሚለው የግሪክ ቃል ጋር ያያይዙታል። የልዑላኑ የሄክተርና የፓሪስ አባት፣ የትሮይ ንጉሥ የሆነው እሱ ነው። እሷ ግሪክ አገር ወዳለው ሳላሚስ ደሴት ተወስዳ ቀስተኛውን ቴውክሮስን ወለደች። ቴውክሮስ ደግሞ አድጎ ከግሪኮች ጋር ዘመተና የአጎቱን ከተማ ወጋ። በሻሿ የገዛችውን ወንድም የገዛ ልጇ!

ሆሜር ስለ ላኦሜዶን ፈረሶች ይናገራል፤ የእሷን ስም ግን አንድም ቦታ አይጠራም። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

«ታሰረች» ያልሽውም ሁሉም ጋ እንደዚያ አይደለም። ቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ550 ገደማ የተሠራ የቆሮንቶስ የወይን ጠጅ መበረዣ ማሰሮ አለ። ሥዕሉ ላይ ሄርኩለስ ፍላጻ ይወረውራል። ሄሲዮኔ አጠገቡ ቆማ አውሬውን በድንጋይ ትወግራለች።

«ቱርክ ሄጄ ከትሮይ ፍርስራሽ የሸክላ ስባሪ ይዤ መጣሁ። በምን ልጠበው?»

አትጠበው! ከቱርክ ጥንታዊ ቅርስ ይዞ መውጣት ወንጀል ነው። ዛሬውኑ ጠበቃ አማክር፣ ቀጥሎ የሙዚየም ባለሙያ አነጋግር። ነገ ዛሬ አትበል። ከየትኛው ቦታ እንዳነሳኸውም ሳትረሳው አሁኑኑ ጻፈው።