ለሞተ ሕፃን «የቁም ሥዕል» ይባላል?

ጥያቄ፦ በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን አሜሪካ ስለ ተሣሉ ሕፃናት አንድ ጽሑፍ እየተረጎምሁ ነው። አንዳንዶቹ የተሣሉት ከሞቱ በኋላ ነው፤ ተቀምጠው የሚታዩም አሉ። «የቁም ሥዕል» ብል እሳሳታለሁ?

መልስ፦ አይሳሳቱም። እንዲያውም ከዚህ የተሻለ ቃል አያገኙም።

«የቁም ሥዕል ቆሞ ለተሣለ ብቻ ነው፤ ለሌላው ምስል ይበቃል» የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች ቆመ የሚለውን ግሥ በእግር ብቻ ይለኩታል። የቁም ከብት ስንል የተኛችውን ላም እንተዋለን? የቁም ተዝካር ያወጣ ሰውስ ተዝካሩን የሚያወጣው ቆሞ ነው? እዚህ ላይ «ቁም» ሕይወት ነው፤ በቁሙ ማለት ሳይሞት ማለት ነው። ምስል ከመሰለ የወጣ፣ የምሳሌ ዘመድ የሆነ ሰፊ ቃል ነው፤ ዛሬ ደግሞ ቴሌቪዥንና ስልክ ወስደውታል። (ሥዕልንም በንጉሡ ሠ እና በዐይኑ ዐ ይጻፉልኝ። ሠዐለ ሥዕል ሣለ ነው፤ ሰአለ ግን ለመነ፣ ስእለትም ከዚያ ይወለዳል።)

የማሳቹሴትሱ ሠዓሊ ጆሴፍ ዋይቲንግ ስቶክ (1815–1855) ሥራዎቹን በመዘገበበት ማስታወሻ አንዳንዶቹን ከአስከሬን እንደ ሣለ ጽፏል። ወላጆች የሚፈልጉት ግን ሬሳውን አልነበረም፤ ልጃቸው በቁሙ የነበረውን መልክ ነበር። ሌላው አሜሪካዊ ሠዓሊ አምብሮዝ አንድሩስ በ1835 የሣላቸው የኔተን ስታር ልጆችም ቤት ውስጥ ሲጫወቱ ይታያሉ። ሥዕሉ ለሞተው ለትንሹ ኤድዋርድ መታሰቢያ ነው፤ እርሱም የቸርኬ መግፊያ በትሩን ወደ ሰማይ አንሥቶ ከእኅት ወንድሞቹ ጋር ቆሟል። ቀሚስ ለብሶ ስለሚያዩት «ቆማለች» ብለው እንዳይተረጉሙ አደራ፤ በዚያ ዘመን ትንንሽ ወንዶች ልጆችም ቀሚስ ይለብሱ ነበር። ያ ቤተሰብ ሟቹን ከቁም ልጆቹ ጋር ቆጥሮታል። ይህን «ምስል» ይሸከመዋል?

ቁመት ከዚሁ ሥር መውጣቱን፣ ስለዚህም ማስረጃው ወደ ተቃዋሚዎቼ ሊያደላ እንደሚችል አውቃለሁ። በዐውደ ርእይ መግለጫዎች ላይ «ፖርትሬት» የሚለው የእንግሊዝኛ አቻው እየነገሠ መምጣቱንም አልክድም፤ ቢጽፉት አንባቢ ይረዳዎታል። እኔ ግን ለኤድዋርድ የምጽፈው «የቁም ሥዕል» ነው።