ኑዛዜ መጻፍ ሞትን መጥራት ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት። ከባለቤቴ ጋር ኑዛዜ ለመጻፍ ስንመካከር እናቴ ሰምታ «በቁማችሁ ታሟርታላችሁ? ይህ የሽማግሌ ሥራ ነው» ብላ ተቆጣች። ኑዛዜ የሚጻፈው መቼ ነው? በእግዚአብሔር ከመታመንስ ጋር አይጋጭም?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ እናትሽን አትቀየሚያቸው፤ ስለሚሳሱላችሁ ነው። ነገር ግን ኢሳይያስ ንጉሡን ሕዝቅያስን «ቤትህን አስተካክል» ሲለው ንጉሡ ሽማግሌ አልነበረም። በ25 ዓመቱ ነገሠ፣ 29 ዓመት ገዛ፤ ከነዚህም 15ቱ ከሕመሙ በኋላ የተጨመሩለት ናቸው። ስትደምሪው በታመመ ጊዜ ገና 39 ገደማ ነበር። ቤቱን አስተካክል በመባሉም አልሞተም፤ ጸለየ፣ ዕድሜም ተጨመረለት።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው «በመጨረሻዋ ሰዓት ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ» በማለት ነው። አንድ የንስሐ ልጄ በጠና ታሞ ተጠርቼ ሄድኩ። ትራሱ አጠገብ የጸበል ጠርሙስ ነበር። እጄን ይዞ «አባቴ፣ ቤቱን ለባለቤቴ ሰጥቻለሁ፤ እርስዎ ምስክሬ ነዎት» አለኝ። ጎረቤቶችም ሰሙ። በማግስቱ ዐረፈ። ቤቱ ከጋብቻው በፊት ያፈራው ነው፤ ልጅም አልነበራቸውም። አርባው ሳይወጣ ወንድሞቹ መጡ። ያቺ ሴት ዕቃዋን በነጠላ ስትቋጥር አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቃል ኑዛዜን በሁለት ምስክር ፊት ይቀበላል፤ የሚጸናው ግን ስለ ቀብር፣ ስለ ልጆች አሳዳሪና ሞግዚት፣ እንዲሁም እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ቤት በቃል አይተላለፍም። ያለ ኑዛዜም ባልና ሚስት አይወራረሱም፤ ለሚስቲቱ የሚተርፋት ከጋራ ሀብቱ የራሷ ግማሽ ነው።

ስለዚህ በስንት ዓመት ለምትይው፣ በእኔ ዘንድ መነሻው ዕድሜ አይደለም፤ አንቺን ተስፋ አድርጎ የሚኖር ሰው ሲኖርሽ ጊዜው ደርሷል። ጌታችን በመስቀል ሳለ እናቱን ለዮሐንስ በአደራ ሰጠ። ያላገባም ሰው እናቱን የሚጦር ከሆነ ይጻፍ።

አንዴ ጽፎ መተውም አይበቃም። ከኑዛዜው በኋላ ልጅ ከተወለደና ውርሱን ከተቀበለ፣ የተሰጠው ስጦታ ሊፈርስ ይችላል። በራስሽ እጅ የምትጽፊው ጽሑፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይናገር፤ በየገጹ ቀንና ፊርማ ይኑረው፤ በ7 ዓመት ውስጥም ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ይቀመጥ። አለዚያ ዋጋ ያጣል። በሌላ ሰው እጅ የሚጻፈው ደግሞ በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ይፈረማል። ቢሆን ቢሆን ምስክሮቹ ከውርሱ የማይደርሳቸው ይሁኑ።

ዕድሜ ሲገፋ አብርሃምን አስቢ፤ ለሌሎቹ ልጆቹ በሕይወት ሳለ ስጦታ ሰጥቶ አሰናበታቸው፣ ለይስሐቅም ያለውን ሁሉ ተወለት። ማን ምን እንደሚደርሰው ከአፉ ሰሙ። ለቤተ ክርስቲያን መስጠትም መልካም ነው፤ ልጆችን ሜዳ ላይ ጥሎ ግን አይሁን። ጌታ ሀብታቸውን «ቁርባን ነው»፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው፣ እያሉ አባትና እናታቸውን የሚተዉትን ገሥጿልና።

ኑዛዜ የምንለው ለካህን የምንናዘዘውንም ነው። ከባለቤትሽ ጋር ንስሐ ግቡና ሥጋ ወደሙ ተቀበሉ፤ ያስቀየማችሁት ካለ ታረቁ፤ ከዚያ ተቀምጣችሁ የየራሳችሁን ጻፉ። ለልጆቻችሁ አሳዳሪ ስትመርጡም እናትሽን አስቀምጣችሁ አማክሯቸው።