«ጂፒ ብቻ ነህ?» ለምትባሉ ወጣት ሐኪሞች

እናቴ እስክታርፍ ድረስ በደወልኩ ቁጥር ትጠይቀኝ ነበር። «ልጄ፣ ስፔሻላይዝ የምታደርገው መቼ ነው?» እንግሊዝ አገር ጂፒ፣ ማለትም ጠቅላላ ሐኪም፣ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈው ነበር። አልፈርድባትም። አገር ቤት «ጂፒ ነኝ» ማለት ተመርቄያለሁ፣ ስፔሻሊቲ ግን ገና አልገባሁም ማለት ነው። እዚህ ጂፒነት ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ ነው። የሦስት ዓመት ሥልጠናና የራሱ ከባድ ፈተናዎች አሉት።

ለምክር ከምትደውሉልኝ ብዙዎቻችሁ «ሰርጀሪ እምቢ ካለኝ ጂፒ እሞላለሁ» ትሉኛላችሁ። እባካችሁ እንደዚያ አታመልክቱ። መጀመሪያ አንድ ጂፒ ክሊኒክ ሄዳችሁ ጥቂት ቀን ተቀመጡ።

አንዲት የእኛ አገር እናት ነበሩ። «እንዴት ነዎት እማማ?» ስላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አሉኝ። ቀጥሎ ወገባቸውን ብርድ እንደመታቸው ነገሩኝ። መረመርኳቸው፣ መድኃኒት ጻፍኩ። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። እጃቸው የበሩ እጀታ ላይ እንዳለ ዞር አሉና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለነገሩ ሽንቴ ላይ ደም አይቼ ነበር» አሉኝ። መልሼ አስቀመጥኳቸው። ውጭ ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ቆዩ። በአስቸኳይ ሪፈር ጻፍኩ፣ የፊኛ ዕጢ ተገኘ፣ በጊዜ ወጣላቸው። የመጡበት ጉዳይ ወገባቸው አልነበረም። ይህን መስማት ደስ የሚላችሁ ከሆነ ሥራው የእናንተ ነው።

ወደ ጂፒ ሥልጠናው ማመልከቻ ልምጣ። የሚሞላው ኦሪየል በሚባለው ድረ ገጽ ነው፤ የሚከፈተው አብዛኛውን ጊዜ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ደንቡ ስለሚቀያየር ያምና ጓደኛችሁ የነገራችሁን ትታችሁ የዘንድሮውን መመሪያ ራሳችሁ አንብቡ። እዚህ ከምረቃ በኋላ የሚሰጠውን የፋውንዴሽን ሥልጠና ያልወሰዳችሁ፣ ለስፔሻሊቲ ሥልጠና ዝግጁ መሆናችሁን የሚያረጋግጠውን ክሬስት የሚባል ፎርም ታስፈርማላችሁ። የሚፈርመው ቢያንስ ሦስት ወር በተከታታይ ሥራችሁን የተከታተለ ኮንሰልታንት፣ ማለትም ከፍተኛ ስፔሻሊስት ሐኪም፣ ነው። ገና ሥራ ስትጀምሩ ንገሩት። በመጨረሻው ሳምንት ፈራሚ ፍለጋ ኮሪደር ለኮሪደር ስትሮጡ አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል።

ለጂፒ ቃለ መጠይቁ ከኮሮና ወዲህ ቀርቷል። ስለዚህ ሁሉም ነገር ያለው ኤምኤስአርኤ በሚባለው ፈተና ላይ ነው። ሁለት ክፍል አለው። የክሊኒካል ጥያቄዎቹን ታውቋቸዋላችሁ፤ በደንብ አጥንቶ መቀመጥ ነው። እኛን የሚጥለን ሁለተኛው፣ የሥነ ምግባርና የውሳኔ ጥያቄው ነው። እኔ ስፈተን ስሙ ሌላ ቢሆንም ነገሩ ያው ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት የወደቅኩትም በእሱ ነው።

ዓይነቱ እንዲህ ነው። ጠዋት የበላይ ሐኪማችሁ መጠጥ መጠጥ እየሸተተ ዋርድ ገባ። ምን ታደርጋላችሁ? እኔ «ማታ ለብቻው በትሕትና እመክረዋለሁ» የሚለውን ነበር የማስቀድመው። ታላቅን ፊት ለፊት መናገር ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ዋርዱ ላይ ሌላ ታላቅ የለም፤ ያለው በሽተኛው ነው። እስከ ማታ ድረስ ስንቱን ያያል? አሁኑኑ በሽተኛ እንዳያይ ማድረግ፣ ለሚመለከተው ኃላፊ መንገር፣ ከዚያ በኋላ ሰውየውን መደገፍ ነው ቅደም ተከተሉ። ይህን በጥያቄ ብዛት ብቻ አትደርሱበትም። የእንግሊዝ ሐኪሞች ምክር ቤት፣ ጂኤምሲ፣ ያወጣውን የሐኪሞች መመሪያ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። እኔን ሁለተኛው ዓመት ላይ ያሳለፈኝ እሱ ነው።

በመጨረሻ የምትሠለጥኑበትን አካባቢ በቅደም ተከተል ትሞላላችሁ። ሁሉም ለንደን ይላል፤ እኔም ብዬ ነበር። የደረሰኝ ከዝርዝሬ ግርጌ ያስቀመጥኳት አንዲት የሰሜን ከተማ ነች። ያኔ ሐበሻ አልነበረባትም። የመጀመሪያው ክረምት ከባድ ነበር፤ ከሥራ ስወጣ የማናግረው ሰው አልነበረኝም። ስለዚህ ስትሞሉ ፉክክሩን ብቻ አትዩ፤ ማታ ማን ቤት እንደምትሄዱም አስቡ።

ሥልጠናው ሲያልቅ እዚያው ቀረሁ፤ ከዓመታት በኋላ እማማም ወደዚያች ከተማ መጡ። ባለፈው ወር የልጅ ልጃቸውን ሳል ሊያሳዩኝ ይዘዋት መጥተው ነበር። ሳሉ ቀላል ነበር። ሲወጡ በሩ ላይ ደረሱ፣ እኔም እስክሪብቶዬን ሳላስቀምጥ ጠበቅኳቸው።