ካሜራው ይቆይ፤ መጀመሪያ ሰፈርሽን አንሺ

«ደብረ ማርቆስ የቱሪዝም 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ፎቶ ማንሳት እወዳለሁ፤ በእጄ ያለው ግን ስልክ ብቻ ነው። ከዘመድ ተበድሬ ካሜራ ልግዛ? ደግሞስ እዚህ ላሊበላ የለ፣ የፋሲል ግንብ የለ፤ ምን አነሳለሁ?» ብለሽ ለጠየቅሽን እህታችን፦

አትበደሪ። ከዘመድ የተወሰደ ብድር እስኪመለስ ያሳቅቃል፤ የተሳቀቀ ሰው ደግሞ ያገኘውን ሥራ ሁሉ በርካሽ ይቀበላል። በስልክሽ ሦስት ጊዜ ተከፍሎሽ ሳትሠሪ ካሜራ አትግዢ።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ግን ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። ላሊበላን ያነሳ እልፍ ነው። የቢቸናን ጤፍ ከአጨዳው እስከ አውድማው፣ ከአውድማው እስከ ወፍጮ ቤቱ በቅደም ተከተል ያነሳ ሰው ግን በቀላሉ አይገኝም። ሆቴሎች፣ የዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ፣ የዩኒቨርሲቲ ሕዝብ ግንኙነት፣ የግብርና ምርምር ማዕከላት የሚያስፈልጋቸው እንዲህ ያለ የአካባቢ ፎቶ ነው። አንቺ የምትሸጪው አገሩን ማወቅሽን ነው፤ ስልኩ መያዣው ብቻ ነው።

ስለዚህ አንድ መንገድ ምረጪ፤ ለምሳሌ ከቤትሽ ደጅ እስከ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለ12 ሳምንት ያንኑ መንገድ ተመላለሺበት። በአንድ ጉዞ ከ30 ፎቶ በላይ አታንሺ፤ ማታ ሦስቱን አስቀርተሽ ሌላውን አጥፊ። መጨረሻ ላይ 72 ይኖርሻል፤ ከዚያ ውስጥ 20 ምረጪ። መንገዱን አትቀያይሪ። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አዲስ ቦታ እያሳደደ ብርሃን ማየት ሳይማር ይቀራል። በረንዳ ላይ ሲንጀር የሚያሽከረክረው ልብስ ሰፊ በአራተኛው ሳምንት ሰላምታ ይሰጥሻል፤ በስድስተኛው መኖርሽን ረስቶ ሥራውን ይቀጥላል። ያኔ ከሩቅ፣ ከመካከለኛ ርቀት፣ ከዚያም ተጠግተሽ እጁን ብቻ አንሺው። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ታሪክ ይወጣቸዋል። በጣት አስፍተሽ ማቅረቡን ተዪ፤ በአብዛኛው ስልክ እሱ ምስሉን መቁረጥ ስለሆነ ጥራት ይገድላል። በእግርሽ ቅረቢ።

ስለ ብርሃን። በጎጃም ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ10 እስከ 12 ሰዓት ከ50 ገደማ ባለው ጊዜ ትወጣለች፤ ቀጥ ብላ ስለምትወጣም ለስላሳው ብርሃን አንድ ሰዓት እንኳ አይቆይም። ከ3 ሰዓት በኋላ ጥላው ይከርራል። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ሦስተኛው ሳምንት እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ፀሐይዋ በትክክል አናት ላይ ናት፤ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ዓይኑ ጨለማ ውስጥ ይገባል። በዚያ ሰዓት ሰውን ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም ከዛፍ ጥላ ዳር አቁመሽ አንሺ።

ነጭ ነጠላና ጋቢ የስልክን ካሜራ ያሳስታል። ካሜራው ነጩን አይቶ ብርሃን ይቀንሳል፤ ፊቱ ይጠቁራል። ማያው ላይ ፊቱን ንኪ፣ ከዚያ ብርሃኑን በጣትሽ ጥቂት ዝቅ አድርጊ። ሰውየው ጥላ ውስጥ ከሆነ የፊቱም ቀለም የጋቢው ጥለትም ይተርፋል፤ ፀሐይ ላይ ከሆነ ግን አንዱን ታጫለሽ። ከማንሳትሽ በፊት ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ አትርሺ፤ ሁልጊዜ ጉም የለበሰ የሚመስለው ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ የጣት ወዝ ነው።

ከከተማ ስትወጪ ወቅቱን ተከተዪ። ጥቅምት ላይ ክረምቱ አየሩን አጥቦት ስለሚወጣ የጮቄ ተራራ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ከየካቲት ወዲያ አቧራና ጭጋግ ይሸፍነዋል። አውድማ ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል አለ፤ ፈረስ ሲጋልብ ፀሐይን ከጀርባሽ አድርገሽ በተከታታይ ማንሻው ያዢው፤ መታጠፊያው ላይ ግን አትቁሚ፤ አደጋ አለው። ዘንገና ሐይቅም ከዚያው አቅራቢያ ነው።

አሁን ጥብቅ ነገር። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 መሠረት የሰውን ፎቶ ያለፈቃዱ ማሳየት፣ ማባዛትና መሸጥ አይቻልም፤ አንቀጽ 28 እንደ አደባባይ በዓል ያለውን ለይቶ ያስቀምጣል። «እናቴ፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት? ለትምህርት ነው፤ ምናልባት ሊታተምም ይችላል» ብለሽ ጠይቂ፣ ያነሳሽውን አሳዪያቸው፣ ቃል የገባሽውን እትም አጥበሽ ውሰጂላቸው። ልጅ ከሆነ ወላጁን ጠይቂ። የታጠቀ ሰው፣ ኬላ፣ ካምፕና ድልድይ በምንም ምክንያት አታንሺ። ወደ ገጠር ቀበሌ ስትሄጂ የተማሪነት መታወቂያሽንና ከትምህርት ክፍልሽ የተጻፈ ደብዳቤ ያዢ፤ አካባቢው ውጥረት ላይ ከሆነ ጉዞውን ተዪው።

ሥራ የሚያሰጥሽ ከፎቶው ሥር የምትጽፊው ነው። «የገበያ ሴት» ለማንም አይጠቅምም። ማን፣ ምን እያደረገ፣ የትኛው ቀበሌ፣ በስንት ቀን፤ እነዚህን በዚያው ምሽት ጻፊ፤ በማግስቱ ስሙ ይጠፋል። ፋይሉንም በቀን ሰይሚው፤ ስልኩ የሚመዘግበው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ የኛን ቀን ራስሽ ጨምሪበት። አንድ ቅጂ ሜሞሪ ላይ፣ አንድ ቅጂ ላፕቶፕ ላይ ይኑር።

ሌላው ተማሪን ሥራ የሚያሳጣ ስሕተት በቴሌግራም ፎቶውን እንደ ፎቶ መላክ ነው። ረጅሙ ጎን አብዛኛውን ጊዜ ወደ 1280 ነጥብ (ፒክስል) ይወርዳል፤ በጥሩ የኅትመት ጥራት 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል። እንደ ፋይል ላኪው። ያኔ የ12 ሜጋፒክስል ፎቶ እስከ 34 በ25 ሴንቲ ሜትር ድረስ በደንብ ይታተማል።

20ዎቹን ይዘሽ መጀመሪያ ወደ ቅርብሽ ሆቴል ወይም ወደ መምሪያው ሂጂ። ሥራ ከተሰጠሽ ስንት ፎቶ እንደምታስረክቢ፣ በስንት ቀን፣ የት የት እንደሚጠቀሙበት በወረቀት ይጻፍ። የዕለት ገቢ ካስፈለገሽ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ፎቶ ቤት ገብተሽ ጉርድ ፎቶና ሠርግ ላይ አግዢ፤ ፍላሽ አያያዝ የሚለመደው እዚያ ነው።

ካሜራ የምትገዢበት ጊዜ ሲደርስ ያገለገለ ይበቃሻል። ስንት ጊዜ እንዳነሳ ጠይቂ፤ ለጀማሪ የሚሠሩት ካሜራዎች መዝጊያ (ባነሳሽ ቁጥር ተከፍቶ የሚዘጋው ክፍል) ብዙ ጊዜ 100,000 ገደማ ይገመትለታል። በሌንሱ ውስጥ የስልክሽን መብራት አብርተሽ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ ፈልጊ። ሰማይን በኤፍ 16 (የሌንሱን ቀዳዳ አጥብበሽ) አንሺና አሳድገሽ እዪ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር አቧራ ይዟል። ባትሪው አብጦ ከሆነ ዋጋ አስቀንሺበት። ሌንስ ላይ ደግሞ 50 ሚሊ ሜትሩን ኤፍ 1.8 (ቀዳዳው ሰፊ የሆነውን) አስቀድሚ።