ሜትሩ እጃችሁ ሲገባ

ልጆቼ፣

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር፣ ዋርካ ሥር ቡናዬን ይዤ ተቀምጬ ነበር። አጠገቤ ያሉ ወጣቶች ስለ ፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር ይከራከራሉ። «ውድድሩ ከተጋመሰ በኋላ የመኪናውን ሕግ መለወጥ ሌብነት ነው» ይላል አንዱ። «ሕጉ የእነሱ ነው፣ ሲሻቸው ይለውጡታል» ይላል ሌላው። ልገባበት ፈልጌ ተውኩት፤ ሽማግሌ አንዴ ወሬ ከጀመረ ማን ያስቆመዋል? በጽሑፍ ይሻላል። መካኒክስ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በዚህ ጉዳይ ደግሞ ጥፋት አለብኝ።

ባሕር ዳር መንገዱ ሁሉ ብስክሌት በነበረበት ዘመን፣ በአንድ የሙያ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ባለሦስት ጎማ የጭነት ብስክሌት ሠርተው እንዲወዳደሩ ተደረገ። ዳኛው እኔ ነበርኩ። ሕጉ አንድ ገጽ ነው። አንዱ አንቀጽ «በኋላ ጎማዎቹ መካከል ያለው ስፋት ከ90 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም» ይላል። በመጀመሪያው ዙር አንድ ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ሁሉንም ጥሎ ሄደ። ኩርባው ላይ የሌሎቹ ሲንገዳገድ የእሱ መሬት ይዞ ያልፋል። ጎንበስ ብዬ ሳይ ምሥጢሩ ገባኝ፤ የኋላውን አክሰል ሆን ብሎ ቀጠን አድርጎታል። አሸዋው ሲጫንበት አክሰሉ መሃሉ ላይ ይረግባል፣ ጎማዎቹ ከታች በኩል ወደ ውጭ ይከፈታሉ፣ ብስክሌቱም እግሩን አንፈራጦ እንደቆመ ሰው ይሆናል። ባዶውን ሲለካ 89፣ ተጭኖ 94።

ሌሎቹ አጉረመረሙ። እኔም ለሁለተኛው ዙር ተጭኖ ይለካ ብዬ አዘዝኩና ልጁን አስወጣሁት። ወረቀቱን ይዞ መጣ። በግራሶ የጠቆረ ጣቱን አንቀጹ ላይ አድርጎ «መምህር፣ ተጭኖ ይለካል የሚለው የቱ ጋ ነው?» አለኝ። «የሕጉ መንፈስ ነው» አልኩት። መንፈስ በሜትር ይለካል ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም። ልጁ ግን ጨዋ ነበር፤ ብስክሌቱን እየገፋ ሄደ።

ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ያው ታሪክ በዓለም አደባባይ ተደገመ። የፎርሙላ ዋን የፊት ጎማ መሬት የሚነካው ስፋቱ ከ270 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ የዚያን ጊዜው ሕግ ያዝዝ ነበር። የሚለካው ግን ጎማው አዲስ እያለ ነበር። በሀንጋሪው ውድድር የፌራሪው ነጂ ሹማከር ስምንተኛ ወጣ። ከዚያ በኋላ የተፎካካሪዎቹ የሚሽሊን ጎማ ሲሮጥ ይሰፋል የሚል አቤቱታ ከፌራሪና ጎማ ከሚያቀርብለት ከብሪጅስቶን ወገን ተሰማ፤ ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽንም ከእንግዲህ ከውድድር በኋላ እለካለሁ አለ። የቀሩት ሦስት ውድድሮች ብቻ ነበሩ። ሚሽሊን ጎማውን ቀየረ፣ ሹማከር የሞንዛን ውድድር አሸነፈ፣ የዓመቱን ዋንጫም በሚሽሊን ጎማ የሚነዳውን ራይኮነንን በነጥብ 93 ለ91 በልጦ ወሰደ። ያንን ሳነብ የልጁ ጣት ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ፌዴሬሽኑ ትክክል ሊሆን ይችላል። ሆኖም ገበያው ከደራ በኋላ ቁናውን የቀየረ ነጋዴ፣ አዲሱ ቁና የልኩ ቢሆን እንኳ፣ ማን ያምነዋል?

ታዲያ በመሃል ምንም አይነካ ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 ኢሞላ ላይ ሁለት ነጂዎች፣ ራትዘንበርገር ቅዳሜ፣ ሴና እሑድ ሞቱ። እዚያ ላይ «ዓመቱ ይለቅ» የሚል ዳኛ ዳኛ አይደለም። መኪናውን ወደ መሬት የሚጫነው የአየር ግፊት እንዲቀንስ ታዘዘ፤ ቆይቶም መኪናው ወደ መሬት ከመጠን በላይ እንዳይጠጋ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ከሥሩ ተገጠመ። በዚያው ዓመት ሹማከር በስፓው ውድድር አንደኛ ገብቶ ጣውላው ከተፈቀደው በላይ ተፍቆ ስለተገኘ ውጤቱ ተሰረዘ። ጣውላው ዛሬም አለ። በነገራችን ላይ፣ በዚያ ሁሉ ረቂቅ ማሽን ሥር ፍርድ የሚሰጠው አንድ የተፋቀ ጣውላ መሆኑ ለእንደኔ ያለ አሮጌ መካኒክ ደስ ይላል።

ስለዚህ ከእናንተ አንዱ ነገ ሜትሩን ሲይዝ መጀመሪያ የሚጠይቀው፣ ሰው ሊሞት ነው ወይስ ሰው ተቀድሞ ነው? ሰው ሊሞት ከሆነ ዛሬውኑ ይለወጥ። ተቀድሞ ከሆነ ቀን ቆርጦ አስቀድሞ ይንገር። እ.ኤ.አ. በ2011 ነጂው ነዳጅ በማይሰጥበት ጊዜም የጭስ ማውጫው ጋዝ ከመኪናው ኋላ ሥር እንዲነፍስና መኪናው መሬት እንዲይዝ የሚያደርገው ዘዴ በሲልቨርስቶኑ ውድድር ታገደ፤ ውድድሩ እየተካሄደ ለማን ምን ያህል እንደሚፈቀድ ሲጨቃጨቁ ከረሙ፤ ለቀጣዩ ውድድር እገዳው ተነሣ። ዳኝነት ብዬ አልጠራውም። እ.ኤ.አ. በ2025 ግን የፊት ክንፍ ምን ያህል እንዲተጣጠፍ እንደሚፈቀድ የሚያጠብቀው ሕግ ከስፔኑ ውድድር ጀምሮ እንደሚሠራ ገና የዓመቱ ውድድር ሳይጀመር በጥር ተነገረ። 15 ሚሊ ሜትር የነበረው 10 ሆነ። የማክላረን ቡድን አለቀለት የተባለው በዚያ ነበር፤ በዚያው በስፔኑ ውድድር፣ ባርሴሎና ላይ፣ አንደኛና ሁለተኛ ሆኖ ገባ። የተሸነፈ ሁሉ ተሸነፍኩ ከማለት ሌላ የሚለው አልነበረውም።

ለምትሠሩት ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ፍጥነታችሁን በአንድ ብልሃት ላይ አታንጠልጥሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የሬኖ መኪና አፍንጫው ውስጥ በስፕሪንግ የተንጠለጠለ ክብደት ነበረው፤ መኪናው ሲነጥር ክብደቱ በተቃራኒው እየተወዛወዘ ጎማውን መሬት ያስይዛል። በዓመቱ አጋማሽ ተከለከለ። ነጂው አሎንሶ ተንገዳገደ እንጂ አልወደቀም፤ ዋንጫውን ወሰደ፣ ቀሪው መኪናም ጥሩ ነበርና።

የእኔ ልጅ ግን ያ አክሰል ብቻ ነበረው። ያንን ወረቀት እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ። ጽሑፉ በታይፕ ነው፤ «በኋላ ጎማዎቹ» ከሚለው በላይ፣ በሁለቱ መስመሮች መካከል፣ «ተጭኖ» የምትል ቃል በቀይ እስክርቢቶ ተጨምራለች። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው።