አንድ ዳዶ ያስከፈለኝ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? ደሴ ሆጤ አካባቢ ትንሽ የብረታ ብረት ቤት አለኝ። ወፍጮ እጠግናለሁ፣ የበቆሎ መፈልፈያም እሠራለሁ። የኮምቦልቻ ደንበኛዬ በቀደም «ቡሎኑን ሁሉ በዓለም አቀፍ ደረጃ አድርግልኝ» አለኝ። ይሄ የትልልቅ ፋብሪካ ጣጣ አይደለም እንዴ? እኔን ምን ይጠቅመኛል? ወረቀት አውጣ ልባል ነው?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ለቡሎን ብሎ ወረቀት የሚጠይቅህ የለም።

ይህን ነገር ያስተማረኝ አንድ ዳዶ ነው። ኮምቦልቻ ጋራዥ ተቀጥሬ ሳለሁ የውኃ ፓምፕ ስገጥም ቡሎን ጎደለኝ። ከጣሳው የሚመስለውን አነሳሁ። ዳዶው በጣት ሁለት ዙር ገባና ያዘ። «ዝጎ ነው» ብዬ ዘይት ጠብ አደረግሁበት፣ በ13 ቁልፍ ገፋሁት። ጥርሱ ተላጠ። ሒሳቡ ከደመወዜ ተቆረጠ።

ቡሎኑ ለካ 5/16 ኢንች ኖሯል፣ ዳዶው ኤም 8፣ ማለትም 8 ሚሊሜትር ውፍረት ላለው የሜትር ልክ ቡሎን የተሠራ። 5/16 ማለት 7.94 ሚሊሜትር ነው፤ በዓይን ከ8 አትለየውም። ጭንቅላቱም 12.7 ስለሆነ 13 ቁልፍ ይይዘዋል። ከጥርስ እስከ ጥርስ ግን የተለመደው ኤም 8 1.25 ሚሊሜትር ሲሆን ያኛው 1.41 ነው። አይጋቡም!

ደረጃ ማለት የማይተዋወቁ ሰዎች አስቀድመው የተስማሙበት ልክ ነው። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር ሲወርድ እይ። የማዕዘኑ ቀዳዳ ለመርከቡም፣ ለክሬኑም፣ ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ ለሚመጣው መኪናም አንድ ነው። ሜትር የሚያወጣ ሰው አታይም። ያንተም መፈልፈያ ወልዲያ ላይ ቡሎኑ ቢወድቅ፣ ገበሬው አጠገቡ ካለ ሱቅ «ኤም 10» ብሎ ገዝቶ ሥራውን ይቀጥላል። ደንበኛ እንዳይሸሽ ብሎ የራሱን ልክ የሚፈጥር ባለሙያ አለ። ለእኔ አይዋጥልኝም። ማሽኑ በመውቂያ ሰሞን ሲቆም የሚሰደበው ሠሪው ነው።

ስትገዛ የቡሎኑን ጭንቅላት እይ። 8.8 ካለ፣ የፊተኛው 8 በካሬ ሚሊሜትር 800 ኒውተን ጉተታ ይችላል ማለት ነው። ሁለተኛው ደግሞ የዚያን 80 በመቶ እስኪደርስ ተለጥጦ አይቀርም ይልሃል። ለሚንቀጠቀጥ ወፍጮ ምንም ያልተጻፈበትን አትግዛ። አስመስሎ የሚያትምም ስለማይጠፋ ከምታውቀው ሱቅ ውሰድ።

ደረጃውን የሚያወጣው አይ.ኤስ.ኦ. እ.ኤ.አ. በ1947 ሥራ የጀመረ፣ መቀመጫው ጄኔቫ የሆነ ድርጅት ነው። ራሱ ሰርተፍኬት አይሰጥም። ሱቅ ግድግዳ ላይ «አይ.ኤስ.ኦ. 9001» ብታይ ስለ ድርጅቱ አሠራር እንጂ ስለ ቡሎኑ አይናገርም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል።

አንድ ነገር ብቻ፦ የሚመጣልህ ወፍጮ አሮጌ የእንግሊዝ ሞተር ካለው ልኩ የድሮ ኢንች ነው። ኤም አታስገባበት። ሁለት ጣሳ ያዝ፣ አንዱ ላይ በቀለም «ኢንች» ብለህ ጻፍ። እኔ የጻፍኩት ደመወዜ በተቆረጠ ማግስት ነው።